ሦስት ኮርና፣ አንድ ፔናሊቲ

ደሚቱ ብዙ ነገር ይቅር ብላለች። ባሏ የሰርጓን የአንገት ብር ሸጦ የስፌት መኪና ሲገዛበት ይቅር ብላዋለች። ኅብረት ሱቁ ሁለት ወር ሙሉ ስኳር አልቋል እያለ በጓሮ በር ሲያወጣው በዓይኗ እያየች ይቅር ብላለች። ሦስት ኮርና አንድ ፔናሊቲ የሚባለውን ሕግ ግን እንኳን ይቅር ልትለው፣ ስሙ ሲነሳ ምራቋ ይመርራታል። ሴት ከኳስ ሕግ ጋር ምን አጣላት የሚል አይጠፋም፤ ብለዋታልም። ለእነሱ የምትመልሰው የላትም። ወይም አላት፤ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ከጥርሷ አልፎ አያውቅም። ያ ሕግ ወንድሟን በልቶባታል።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ፍልሰታ ተፈትቶ የመጀመሪያው እሑድ፣ ዓመቱ ሰባ ስድስት። አሥረኛው የአብዮት በዓል ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ደሳሳ ቤት ሁሉ ለእንግዳ ዓይን እንዳይታይ በቆርቆሮ ተጋርዶ ቀለም ተቀብቷል። ደሚቱ የምትኖረው ከዚያ ቆርቆሮ ጀርባ ነው። በሯን ስትከፍት የሚቀበላት ቀለም ያልነካው፣ የሚስማር ጫፍ ያገጠጠበት የአጥሩ ጀርባ ነው። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ እኩሌታውን አልጋው፣ እኩሌታውን የባሏ የወልደ ሚካኤል የስፌት መኪና ይዞታል። ወልደ ሚካኤል ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ሰሞኑን ቀበሌው ለበዓሉ የሚሰቀል ቀይ ባንዲራ ስፋ ብሎ ጨርቁን እቤቱ ድረስ ስላመጣለት ወለሉ ቀይ በቀይ ሆኗል። ደሚቱ ከአልጋ ስትወርድ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ፣ ጨርቁን በአውራ ጣቷ እየገለጠች ነው የምትራመደው። ቀዩን ረግጣው አታውቅም። ለምን ብሎ የጠየቃትም የለም።

ከግድግዳው ጥግ፣ የበቆሎ ማዳበሪያዎቿ በተደረደሩበት ቦታ፣ ኢታና ይተኛ ነበር። ኢታና ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ ከአምቦ በጭነት መኪና በጉያዋ አቅፋ አምጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። አደገና ስቶፐር ሆነ። ጎል አግብቶ አያውቅም፤ ቢያገባም አያምርበትም ነበር። የእሱ ሥራ የመጣን ኳስ መመለስ ነው፤ በእግር፣ በደረት፣ በቴስታ። ጠዋት ጠዋት ኳሱን እየወረወረ የቤቱን ቆርቆሮ በቴስታ ሲደበድብ ጎረቤት ሁሉ ይሳደብ ነበር። ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር፣ የዝናቡ የመጀመሪያ ወፋፍራም ጠብታዎች ቆርቆሮውን ድም ድም ሲያደርጉት፣ ደሚቱ የያዘችውን ትታ ቀና ትላለች። ከዚያ ዝናቡ ይበረታና አንድ ድምፅ ይሆናል፤ እሷም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ወልደ ሚካኤል ይሄን ያያል። አይቶ በመርፌው ክር ያስገባል።

ያን ዕለት ጠዋት የቀበሌው መኪና ሞንታርቦ ጭና በአጥሩ ማዶ አለፈች። “ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መታሰቢያ የተዘጋጀው የቀበሌዎች ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይካሄዳል! ጨዋታው ጎል የበዛበትና የደመቀ እንዲሆን ሦስት ኮርና አንድ ፔናሊቲ ሕግ በሥራ ላይ ይውላል!” መኪናዋ ወደ ልደታ ማርያም ታጥፋ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የወልደ ሚካኤል እግር በመርገጫው ላይ ቆሞ ቀረ።

“ዛሬ አትሂጂ” አላት፣ ቀና ሳይል።

“በቆሎው ይበላሻል።”

“ይበላሽ።”

“አንተ ሀብታም ነህ።”

“ደሚቱ፣ ዝም አይነቅዝም።”

“በቆሎ ግን ይነቅዛል” አለችና ማዳበሪያውን ወደ ደጅ ጎተተች። ከኋላዋ መኪናው እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሰባት ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተዋል፤ የኢታናን ስም ግን አንድም ቀን አላነሱም። ያኔ ፎቶግራፉንና ባለ ስድስት ቁጥሩን ማሊያ ያቃጠለው ወልደ ሚካኤል ነው። ፈርቶ ነው፤ ማን ያልፈራ ነበር? ደሚቱ ክብሪቱን ያቀበለችው እሷ ስለሆነች ልትወቅሰው አትችልም።

ሜዳው ከልደታ ማርያም ቁልቁል ነው። ክረምት ከገባ ሣሩ በመሐል በመሐሉ ብቻ ይታያል፤ በሁለቱ በሮች ፊት ያለው ጭቃ ነው። ደሚቱ በስተቀኝ ካለው በር ጀርባ፣ የከሰል ምድጃዋን በአሮጌ ጃንጥላ ጋርዳ፣ በቆሎ እሸት ትጠብሳለች፤ ትልቁ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ትንሹ አሥር። ከጎኗ ሀሚዳ ከረሜላና ሲጋራ በፍሬ ትሸጣለች። ሀሚዳ ጎረቤቷም ወዳጇም ናት፤ ስለ ኳስ የምታውቀው ግን ክብ መሆኑን ብቻ ነው።

“ደሞ ዛሬ ፊትሽ ምን ሆኗል? የመንግሥት ግብር የመጣብሽ መስለሻል” አለቻት ሀሚዳ።

“ሕጉን መለሱት።”

“የቱን ሕግ?”

“ሦስቴ ወደ ኮርና ያወጣ ይቀጣል የሚለውን።”

ሀሚዳ የሲጋራ ፓኬቶቿን በላስቲክ ስትሸፍን ቆየች። ከዚያ “አይ ያረቢ” አለች ቀስ ብላ። ስለ ኳስ አታውቅም እንጂ ስለዚያ ቀን ታውቃለች።

ሰዉ መሙላት ጀምሯል። ከበዓሉ ኮሚቴ ታዘው የመጡ የሴቶች ማኅበር አባላት ነጠላቸውን አጣፍተው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ በሌላው ወገን በእግራቸው የቆሙት እውነተኞቹ ደጋፊዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ገና ፊሽካ ሳይነፋ ተናድደዋል። “ይሄ ኳስ ነው ወይስ ዕቁብ?” ይላል አንዱ፣ “ተራህ ሲደርስ ፔናሊቲ ትወስዳለህ!” “ተከላካዮቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይቁሙ በላቸው፤ ኪስ ከሌላቸው ደግሞ ወልደ ሚካኤል ይስፋላቸው!” ይላል ሌላው። ሳቁ ይነሳና፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ፍሰሐ ድምፅ ማጉያውን በትከሻው አንግቶ ሲመጣ፣ ውኃ እንደፈሰሰበት ከሰል ጭስ ብሎ ይጠፋል። ፍሰሐ ወፍሯል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሰላምታው ግን ያው ነው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ “እትዬ ደሚቱ፣ ደህና ዋሉ?” ይላታል ባያት ቁጥር። እሷም ሰባት ዓመት ሙሉ “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ብላዋለች። ዛሬም አለችው። በቆሎ ገዛ፤ መረጠችለት። ሳንቲሙን ስትቀበለው እጇ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ነው ከሁሉ የሚያስጠላት፤ እጇ።

ሕጉን ያኔም ያመጣው እሱ ነበር። ስድሳ ዘጠኝ፣ መጋቢት ላይ፣ እዚሁ ሜዳ። በዚያ ሰሞን በየግድግዳው “ከመከላከል ወደ ማጥቃት” ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ ነው። ፍሰሐ ያኔ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ቡድኖቹን ሰልፍ አስይዞ፣ “አብዮታችን ከመከላከል ወደ ማጥቃት ተሸጋግሯል! ኳሳችንም ይሸጋገራል! መከላከል የፈሪ ጨዋታ ነው። ሦስቴ ወደ ኮርና ያወጣ ቡድን ይቀጣል፤ ዜሮ ለዜሮ ለወጡ ደግሞ ነጥብ የለም!” አለ። ይሄኔ ከተመልካቹ መሐል፣ “ሁሉም ሊያጠቃ ከወጣ ቤቱን ማን ሊጠብቅ ነው? ድመቷ?” የሚል ድምፅ ተሰማ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የተሰለፉት ተጫዋቾች ሳይቀሩ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። ፍሰሐ ፊቱ ጠቆረ። “ማነው ያለው?” ሲል ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። “ማነው አልኩ?” ኢታና ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣና እጁን አነሳ። “እኔ ነኝ፣ ጓድ” አለ።

ያለችው ደሚቱ ነበረች። አፏ መች ያርፋል። ከተመልካቹ መሐል፣ ከኢታና ጀርባ፣ አምስት እርምጃ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆማ ነበር ያለችው። የተናገርኩት እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ኢታና ዘወር ብሎ አያት፤ ሌላ ተከላካይ ኳሱን እንዳይነካበት “ተወው፣ የኔ ነው” ሲል በሚያይበት ዓይን አያት። እሷም ተወችው። ማክሰኞ ግለ ሂስ አድርግ ተባለ፤ አደረገ። ሐሙስ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ ተባለ፤ ሄደ። አሥራ አንድ ቀን ምሳውን ቀበሌ ድረስ አመላለሰች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍተው መለሰላትና፣ “እትዬ፣ ከእንግዲህ አይልፉ” አላት። እንዲያ ሰው የሞተበት ቤት ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን አይተከል፣ ነጠላ አይዘቀዘቅ፣ ጎረቤት አይሰብሰብ። እቤት ገብታ ጩኸቷ ሊወጣ ሲል ወልደ ሚካኤል አፏን በመዳፉ ያዘው፤ እስኪመሽ ድረስ እንደያዘው ተቀመጡ። ዕርሟን አላወጣችም። አስከሬን አላየች፣ መቃብር የላት፣ ተዝካር አላወጣች፤ በየመስኩ ኳስ የሚያባርር ረጅም ልጅ ባየች ቁጥር ልቧ ዘሎ ይወጣና ተመልሶ ይገባል።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሙለታ ወደ ምድጃዋ መጣ። ሙለታ የልደታው ቡድን አምበል ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ ጎማ ቤት ይሠራል። ያኔ ለጋ ልጅ ሆኖ ከኢታና ጎን በግራ በኩል ይጫወት ነበር።

“እትዬ ደሚቱ፣ ለስለስ ያለ አንድ ይምረጡልኝ።”

“በቆሎ በልተህ ልትሮጥ ነው?”

“ስቶፐር መች ይሮጣል፤ ይቆማል እንጂ።”

ይህ የኢታና አባባል ነበር። ሙለታም ካለ በኋላ ትዝ ብሎት አንገቱን ደፋ። ደሚቱ በቆሎውን በማራገቢያዋ እያገላበጠች፣ “ሕጉን ሰምታችሁ ዝም አላችሁ?” አለችው።

“ዝም አላልንም፤ ኮሚቴ ጋ ሄደን ነበር። ጎል የሌለበት በዓል ምን በዓል ነው ብሎ መለሰን። ምን እናድርግ፣ እትዬ? ዛሬ እግሬን ሳይሆን ጣቴን እየቆጠርኩ ነው የምጫወተው።”

ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ በከሰሉ ላይ እንዳጎነበሰች፣ ሰባት ዓመት የያዘችው ወጣ። “ሙለታ፣ ያን ቀን ያለው እሱ አልነበረም። ያልኩት እኔ ነኝ።”

ሙለታ የመረጠችለትን ተቀበለና የበቆሎውን ቅጠል በጥንቃቄ እየላጠ፣ “እናውቃለን” አላት።

“እነማን ናችሁ የምታውቁት?”

“ሁላችንም። የሴት ድምፅ ነበረ እኮ።”

“እሱስ?” አለች፣ በአገጯ ወደ ፍሰሐ እያመለከተች።

“እሱማ ፊት ለፊትዎ ነበር የቆመው፣ እትዬ። ሲናገሩ አይቶዎታል። ከዚያ ነው ማነው ብሎ የጠየቀው።” በቆሎውን አንድ ጊዜ እንኳን ሳይገምጥ ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠና፣ “ይቅርታ ያርጉልኝ፤ የሚያውቁ መስሎኝ ነው” ብሎ ወደ ሜዳው ሮጠ።

ሀሚዳ አንዳች ነገር አለቻት፤ ደሚቱ አልሰማችም። እስከ ዛሬ የተኛችበት ሐሳብ አንድ ነበር፤ የኢታና “እኔ ነኝ” ድምፅዋን ሸፍኖላታል፣ ሰውዬው ተታሏል፣ በእሷ አፍ ምክንያት በስሕተት ወሰደው የሚል። ኃጢአቱ የእሷ፣ ስሕተቱ የእሱ። ለካ ስሕተት የለም። ፍሰሐ አያት፣ ኢታናንም አየው፣ መረጠ። በቆሎ እንደሚመርጥ ሰው መረጠ። ከዚያ በኋላ ነው ባገኛት ቁጥር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ደህና ዋሉ የሚላት፤ እያወቀ።

ፊሽካው ተነፋ። ከተክለ ሃይማኖት የመጡት ልጆች ፈጣኖች ነበሩ፤ ሕጉም ገብቷቸዋል። ጎል መፈለግ ትተው የተከላካይ እግር ይፈልጉ ጀመር። ኳሱን ይዘው እስከ መስመሩ ይሄዱና፣ ወደ በር በመምታት ፋንታ በልደታው ልጅ ቅልጥም ላይ ያነጥሩታል፤ ወጣ፤ ኮርና። “አንድ!” ይላል ፍሰሐ በድምፅ ማጉያው። ደጋፊው፣ “አይ ኳስ! እግር ማደን ሆነ እኮ!” እያለ ይራገማል። የልደታዎቹ ተከላካዮች ኳስ በመጣ ቁጥር እንደ ፍም እሳት ይሸሹታል፤ አንዱ ልጅ እግሩን አንስቶ ሲያሳልፈው ለጥቂት ጎል ሆኖ ነበር። ሌላው ሲደናገጥ ነካው፤ ወጣ። “ሁለት!”

ደሚቱ በቆሎዎቹ እያረሩባት ተከላካዮቹን ትቆጥር ነበር። አራት ናቸው። ትቆጥርና አምስት ይሆኑባታል። እንደገና ከቀኝ ትጀምራለች፤ አሁንም አምስት። አምስተኛው በሩ አጠገብ፣ ጭቃው ውስጥ፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ፊቱን ወደ እሷ አያዞርም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ስታይ አራት ናቸው።

ለዕረፍት ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የተክለ ሃይማኖቱ አጥቂ ከሩቅ መታ። ኳሱ በረኛውን አልፎ ወደ በሩ የላይኛው ጥግ ይበር ነበር፤ ሙለታ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተነስቶ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በቴስታ ከእንጨቱ በላይ ሰደደው። እንዲህ ያለ ማዳን በዓመት አንዴ አይታይም። የራሱ ደጋፊ ብቻ ሳይሆን የተክለ ሃይማኖት ሰው ሁሉ ሳያስበው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ፊሽካው ተነፋ። “ሦስት!” አለ ፍሰሐ። “ሦስተኛ ኮርና! ፔናሊቲ!” ሙለታ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ቀረ። “ያዳነ የሚቀጣበት አገር!” ብሎ አንድ ሽማግሌ ጮኸና፣ የተናገረው ራሱን አስደንግጦት ወደ ኋላ ተደበቀ።

ደሚቱ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። ተነሳች። በበሩ ጎን አልፋ ወደ ሜዳው ስትገባ ሰዉ ከዳኛው ጋር ልትጣላ መስሎት ሳቀ። “እትዬ ደሚቱ ገቡ! ቀይ ካርድ ለዳኛው!” “ይበሉት በማራገቢያዎ!” የፕላስቲክ ጫማዋ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረባት፤ አላነሳችውም። በኖራ ምልክት የተደረገበት ነጥብ ላይ ስትደርስ አጥቂው ኳሱን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እጁን በቀስታ ወደ ጎን ገፋችለት። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ነጥቡ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች።

ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ሴቶቹ ናቸው ቀድመው ያዩት፤ ነጠላው መዘቅዘቁን።

ፍሰሐ መጣ። ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ማንሳት ረስቶት ኖሮ፣ “እትዬ ደሚቱ፣ ምን ሆነው ነው?” ሲላት ጥያቄው ሜዳውን ሁሉ አዳረሰ።

“ለቅሶ ተቀምጫለሁ።”

“የማን ለቅሶ?”

ቀና ብላ አየችው። “አንተ ታውቃለህ። የኢታና። የወንድሜ፤ ቤት ሲጠብቅ የበላችሁት። ያን ቀን የተናገርኩት እኔ እንደሆንኩ አይተኸኛል፤ አሁንም እየኝ። ሰባት ዓመት ዘግይቻለሁና አታቻኩለኝ፤ ዕርሜን ላወጣ ነው።”

ድምፅ ማጉያው ቃሏን እንዳለ ይዞ በተነው። ፍሰሐ ወደ አብዮት ጠባቂዎቹ ዞረ፤ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ጫማውን ያያል፣ ሌላው የሰፈሩ ልጅ ነው። ሀሚዳ የሲጋራ ሣጥኗን ክፍት ትታ መጣችና፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ከደሚቱ ቀኝ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከሴቶች ማኅበር ተራ አንዲት ተነሳች። ከዚያ ሁለት። ማን ልጇን፣ ማን ባሏን እንዳሰበች የሚያውቅ የለም፤ ነጠላ ሁሉ እየተዘቀዘቀ መጣ። ሙለታ ከተንበረከከበት ሳይነሳ ማሊያውን ፊቱ ላይ ሳበ።

“ጨዋታው ይቀጥላል!” አለ ፍሰሐ። “ጨዋታው ይቀጥላል ብያለሁ!”

ደሚቱ ዓይኖቿን ጨፍና ሁለት እጆቿን ወደ ደረቷ አነሳች። አፏን የያዘ መዳፍ አልነበረም። “ኢታናዬ!” አለች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ተንቋረረና ተሰበረ፤ ሁለተኛውን ስትጠራው ግን እስከ ልደታ ማርያም አጥር ድረስ ደረሰ። ገና መጀመሯ ነበር።